የሚደማ ድድና የስኳር ሕመም፦ በወረርሽኝ ወቅት ችላ ሊባል የማይገባው ግንኙነት

የኮቪድ-19 በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለጽኑ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ሲነገር ቆይቷል። የጥንቃቄ ምክሮቹም በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አካላዊ ርቀትን መጠበቅ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ መድኃኒትን አለማቋረጥ። ከእነዚህ ምክሮች ጋር እምብዛም የማይነሳ ጉዳይ ግን አለ፤ እርሱም የድድ ጤና ነው።

ለአብነት ያህል ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን አንዲት እናት ማሰብ ይቻላል። ወደ ጤና ተቋም መሄዱን ፈርተው የክትትል ቀጠሯቸውን አሳልፈዋል። መድኃኒታቸውን ግን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ወስደዋል፤ ከጣፋጭ ነገርም ተቆጥበዋል። ያም ሆኖ በደማቸው ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከፍ እያለ ሄደ። ድዳቸው መፋቂያ ሲነካው መድማት ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል፤ እርሳቸው ግን «መፋቂያው ወግቶኝ ነው» ብለው ትተውታል። ሁለቱ ነገሮች ሊገናኙ እንደሚችሉ የነገራቸው ሰው የለም።

ይህ ጽሑፍ የስኳር ሕመም፣ ብግነትና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያባብስ፣ በወረርሽኙ ወቅት ጉዳዩ ለምን ልዩ ትኩረት እንደሚሻ፣ እንዲሁም በቤት ውስጥና በጤና ተቋም ምን ማድረግ እንደሚገባ ያብራራል።

የድድ በሽታ ምንድን ነው?

አፍ የብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ጥርስ በአግባቡ ሳይጸዳ ሲቀር ባክቴሪያዎቹ በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ተጣብቀው ስስና የሚያሟልጭ ልባስ ይሠራሉ። ይህ ልባስ በወቅቱ ካልተወገደ በምራቅ ውስጥ በሚገኙ ማዕድናት አማካይነት ይደነድናል። ከደነደነ በኋላ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም፤ የሚወገደው በባለሙያ በሚደረግ የጥርስ እጥበት ብቻ ነው።

የበሽታው የመጀመሪያ ደረጃ የድድ መቆጣት ይባላል። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። በዚህ ደረጃ ጥርስና ድድ በሚገባ ከጸዱ ድድ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ይመለሳል። ችላ ከተባለ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ወደ ሁለተኛውና ወደ ከባዱ ደረጃ ይሸጋገራል። በዚህ ጊዜ ብግነቱ ከድድ አልፎ ጥርስን አቅፎ የያዘውን አጥንት መጉዳት ይጀምራል። ድድ ከጥርስ እየተላቀቀ በመካከላቸው ኪስ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱም የባክቴሪያ መሸሸጊያ ይሆናል። ውሎ አድሮ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ይወልቃልም። የጠፋው አጥንት በአብዛኛው ወደ ነበረበት አይመለስም።

አስቸጋሪው ነገር በሽታው ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ የታመመ ድድ ግን ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ሊቆይ ይችላል።

ብግነት፦ መከላከያው ጉዳት ሲሆን

ብግነት ሰውነት ጀርም ወይም ጉዳት ሲያጋጥመው የሚሰጠው የመከላከያ ምላሽ ነው። እሾህ የወጋው ጣት መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መሞቁና መጠዝጠዙ የዚህ ምላሽ ምልክት ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ተጎዳው ቦታ ይጎርፋሉ፤ እንደ ኢንተርሉኪን-6 እና ቲ.ኤን.ኤፍ-አልፋ ያሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችም ሌሎች ሴሎችን ለመከላከል ይቀሰቅሳሉ። እሾሁ ሲወጣ ብግነቱ ይበርዳል፤ ቁስሉም ይድናል።

በታመመ ድድ ውስጥ ግን እሾሁ አልወጣም። ባክቴሪያዎቹ በየቀኑ በዚያው ስላሉ መከላከያው ያለ ፋታ ይሠራል። ለመከላከል የወጡት ኬሚካሎችና ሴሎችም የራስን ሥጋና አጥንት መጉዳት ይጀምራሉ። ከዚህም በላይ ጉዳዩ በአፍ ውስጥ ብቻ አይቀርም። በብዙ ጥርሶች ዙሪያ ያለው የቆሰለ የኪስ ግድግዳ ሲደመር፣ በከባድ ሁኔታ የአንድ መዳፍን ስፋት ሊጠጋ ይችላል። ይህን የሚያህል ቁስል በእጅ ወይም በእግር ላይ ቢታይ ማንም ሰው ሳይታከም አያድርም። በድድ ውስጥ ሲሆን ግን ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ይዘነጋል።

ግንኙነቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል

ከስኳር ሕመም ወደ ድድ፦ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በድድ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። አደጋው ይበልጥ የሚከፋው የስኳር መጠናቸው በቁጥጥር ሥር ባልሆነ ሰዎች ላይ ነው። ለዚህም በርካታ ምክንያቶች አሉ።

• በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ አዳዲስ ውሁዶችን ይፈጥራል። እነዚህ ውሁዶች በድድ ውስጥ የሚካሄደውን ብግነት ያባብሳሉ።
• ጀርሞችን በቀዳሚነት የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በአግባቡ ማከናወን ያዳግታቸዋል።
• ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚጎዱ ድድ የሚያገኘው ምግብና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቁስልም ለመዳን ይዘገያል።
• ስኳር ከፍ ሲል ሽንት ይበዛል፤ አፍም ይደርቃል። አፍን የሚያጥበውና ከጀርም የሚጠብቀው ምራቅ ሲያንስ ባክቴሪያ ይራባል።

ከድድ ወደ ስኳር ሕመም፦ ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሴሎች እንዲገባ በሩን የሚከፍት ሆርሞን ነው። ከታመመ ድድ ወደ ደም የሚገቡት የብግነት መልእክተኞች ሴሎች ለኢንሱሊን በቀላሉ ምላሽ እንዳይሰጡ ያደርጋሉ። ኢንሱሊን በሩን ያንኳኳል፤ በሩ ግን እንደ ወትሮው አይከፈትም። በዚህም ምክንያት ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ ተመልሶ ድድን ይጎዳል። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን የሚመግብበት ዑደት ይፈጠራል።

ከላይ ለአብነት የተጠቀሱት እናት መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ ስኳራቸው ከፍ ሊል የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህ ማለት ግን የስኳር መጨመር ሁሉ ከድድ ይመጣል ማለት አይደለም። የመድኃኒት መጠን አለመመጣጠን፣ አመጋገብ፣ የእንቅስቃሴ መቀነስ፣ ጭንቀትና ሌላ ኢንፌክሽንም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ምክንያቱ ሲፈለግ አፍ መዘንጋት እንደሌለበት ግን ግልጽ ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1993 ሃራልድ ሎ የተባሉ የጥርስ ሕክምና ተመራማሪ የድድ በሽታን «ስድስተኛው የስኳር ሕመም መዘዝ» ብለው ሰይመውታል። እንዲህ በማለታቸው በሽታው ከዓይን፣ ከኩላሊት፣ ከነርቭና ከደም ሥር ጉዳቶች ጋር ተቆጠረ ማለት ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እጅግ በተስፋፋበት በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት የሚኖሩ የፒማ ተወላጆችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን ይፋ አድርጓል። በዚህም መሠረት የስኳር ሕመምና ከባድ የድድ በሽታ በአንድነት ያለባቸው ሰዎች በልብና በኩላሊት ሕመም የመሞት ዕድላቸው፣ ድዳቸው ያን ያህል ካልታመመ የስኳር ታማሚዎች በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኝቷል።

ተስፋ ሰጪው ውጤት የሚገኘው ከሕክምናው ነው። የስኳር መጠን የሦስት ወር ገደማ አማካይ የሚለካበት ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ የተባለ የደም ምርመራ አለ። የድድ በሽታቸው በጥልቅ እጥበት የታከመላቸው የዓይነት 2 ታማሚዎች ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ ልኬት በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ የጥናቶች ድምር ያሳያል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በብሪታኒያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ታላቅ ጥናት ግን የዚህ ልኬት በ1 ነጥብ መቀነስ ከጥቃቅን የደም ሥሮች ጉዳት በ37 በመቶ መቀነስ ጋር ተያይዞ እንደተገኘ አመልክቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ዋጋ አለው። ሆኖም የድድ ሕክምና የስኳር መድኃኒትን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ነው።

ወረርሽኙ ጉዳዩን ለምን አከበደው?

የቻይና የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በኮቪድ-19 መያዛቸው የተረጋገጠ 44,672 ሰዎችን መረጃ ይፋ አድርጎ ነበር። ከአጠቃላዩ ታማሚ 2.3 በመቶው ሕይወቱ ሲያልፍ፣ የስኳር ሕመም ካለባቸው መካከል ግን የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ከፍ ያለ ስኳር የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክምና ጽኑ ኮቪድ ራሱ ከመጠን ባለፈ ብግነት የሚታጀብ በመሆኑ፣ አስቀድሞ በብግነት ውስጥ ያለ ሰውነት ድርብ ሸክም ይገጥመዋል።

የድድ በሽታን ከኮቪድ-19 ጋር በቀጥታ ያያያዘ ጥናትም በኳታር ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ይህ ጥናት 568 ታማሚዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድል ወደ 3.5 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። ስለዚህ ድድን መታከም ከኮቪድ-19 ያድናል ማለት አይቻልም፤ ክትባትንና ሌሎች የመከላከያ መንገዶችንም አይተካም።

በሌላ በኩል ወረርሽኙ የአፍ ሕክምናን አዘግይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ሐምሌ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጊዜያዊ መመሪያ፣ ቫይረሱ በኅብረተሰቡ ውስጥ በሚሰራጭባቸው አካባቢዎች አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ አገልግሎት ሥርጭቱ እስኪቀንስ እንዲቆይ መክሮ ነበር። አስቸኳይ ሕክምና ግን እንዲቋረጥ አልተባለም። ብዙ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ያበጠና መግል የቋጠረ ድድ ይዘው በቤታቸው ቆይተዋል። አገልግሎቱ በሚዘገይበት ጊዜ በቤት ውስጥ የሚደረገው እንክብካቤ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

• ጥርስ ሲፋቅ ወይም ጠጠር ያለ ምግብ ሲበላ ድድ መድማት
• የድድ መቅላት፣ ማበጥ ወይም ከጥርስ ወደ ኋላ መሸሽ
• ሲፋቁት የማይለቅ መጥፎ የአፍ ጠረን
• በድድና በጥርስ መካከል የሚወጣ መግል
• የጥርስ መነቃነቅ፣ በጥርሶች መካከል አዲስ ክፍተት መፈጠር
• ያለ ግልጽ ምክንያት ከፍ ያለ የስኳር መጠን

ሁለት ማሳሰቢያዎች መጨመር ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችን ይመለከታል። ንቅሳቱ የድድን ቀለም ስለሚያጠቁር መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከቀለም ይልቅ መድማትንና ማበጥን መከታተል ይበጃል። ሁለተኛው ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎችን ይመለከታል። ትንባሆ የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ድዳቸው እየታመመም ላይደማ ይችላል። አለመድማቱ የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንላቸውም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

1. ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ማጽዳት። ብሩሹ የጥርስንና የድድን መገናኛ በቀስታ እንዲነካ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አጥብቆ መፈግፈግ ድድን ያቆስላል።

2. ብሩሽ በሌለበት ንጹሕ መፋቂያ መጠቀም። የመፋቂያው ጫፍ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰ በኋላ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ መፋቅ፤ የኋላ ጥርሶችንና በምላስ በኩል ያለውን ገጽ አለመዝለል። ጫፉ በየጊዜው ተቆርጦ ሊታደስ ይገባል።

3. ድድ ስለደማ ማጽዳትን አለማቆም። ብዙዎች ደም ሲያዩ ብሩሹን ያስቀምጣሉ፤ ይህ ግን ባክቴሪያው እንዲበዛ ያደርጋል። በቀስታና በጥንቃቄ የጸዳ ድድ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ መድማቱን ይቀንሳል። ካልቀነሰ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

4. በጥርሶች መካከል ያለውን ቆሻሻ በጥርስ ክር ማስወገድ። በስቴኪኒ ድድን መቆርቆር አይመከርም።

5. ብሩሽንም ሆነ መፋቂያን ከመያዝ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ። ብሩሽን ለሌላ ሰው አለማዋስ፤ በቤት ውስጥ በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ካለ የእርሱን ብሩሽና መጠጫ ለብቻው ማስቀመጥ።

6. ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ፤ አፍ ሲደርቅ ውኃ መጠጣት። ሲጋራ ማጨስን ማቆም ለድድም ለሳንባም ይበጃል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች አፍ እንደሚደርቅና ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ጣፋጭ ነገር ስኳርን እንደሚጨምር ሊያውቁ ይገባል።

7. በጾም ወራት የአፍ ንጽሕናን አለመተው። በጾም ሰዓት ውኃ ወደ አፋቸው ማስገባት የማይፈልጉ ምእመናን ጥርሳቸውን ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ማጽዳት ይችላሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጾም ከመጀመሩ በፊት ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ለታመመ ድድ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል፤ የደነደነውን ቆሻሻ ግን አያስወግድም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ በድድ ላይ መያዝ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላል፤ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥም የበሽታውን መንስኤ ሳያስወግድ መድኃኒቱ ወደፊት እንዳይሠራ ያደርጋል።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ

የጥርስ ሐኪም የስኳር ሕመም መኖሩን፣ የስኳር ሐኪምም የድድን ሁኔታ ማወቅ አለባቸው። በስኳር ክትትል ቀጠሮ ላይ «ድዴ ይደማል» ብሎ መናገር ቀላል ቢመስልም የሕክምናውን አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል። ለጥርስ ሕክምና ሲኬድ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ዝርዝርና የቅርብ ጊዜ የስኳር ልኬት መያዝ ይገባል። በተቻለ መጠን ቀጠሮን ጠዋት ማድረግ፣ ቁርስ በልቶና የተለመደውን መድኃኒት ወስዶ መሄድ ስኳር በድንገት እንዳይወርድ ይረዳል።

የጥርስ እጥበት ጥርስን ያሳሳል፣ ያነቃንቃልም የሚል አስተሳሰብ በስፋት ይሰማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የደነደነው ቆሻሻ ሲነሳ ቀድሞ የተፈጠረው ክፍተት ይገለጣል፤ ያበጠው ድድም ወደ ልኩ ይመለሳል። ጥርሱን ያላላው እጥበቱ ሳይሆን አስቀድሞ አጥንቱን የጎዳው በሽታ ነው።

የፊት ወይም የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ ለመክፈት ወይም ለመዋጥ መቸገር፣ ለመተንፈስ መቸገር ወይም የማይቆም ደም ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት የስኳር ታማሚ ወረርሽኙን ፈርቶ በቤት መቆየት አይኖርበትም።

በኮቪድ-19 ለተያዘ የስኳር ታማሚ

በኢንፌክሽን ጊዜ ሰውነት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምግብ ባይበላም እንኳ ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የመጠን ለውጥ በሐኪም ምክር ብቻ ይደረጋል። መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ስኳሩን ከወትሮው በበለጠ ድግግሞሽ መለካት አለበት። ለጽኑ ታማሚዎች የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ስኳርን በእጅጉ ከፍ ስለሚያደርግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ ሊወሰድ አይገባም። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መደናበር ከታየ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል። ታማሚው አቅም ቢያንሰውም የቤተሰብ አባላት፣ የመከላከያ ጥንቃቄ አድርገው፣ አፉ እንዲጸዳና ከንፈሩ እንዳይደርቅ ሊረዱት ይገባል።

ማጠቃለያ

የስኳር ሕመም ድድን ይጎዳል፤ የታመመ ድድም የስኳር ሕመምን ያባብሳል፤ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የማያቋርጥ ብግነት ነው። ዑደቱን ከየትኛውም ወገን መስበር ይቻላል። ስኳሩን የተቆጣጠረ ሰው ድዱን ይረዳል፤ ድዱን የተንከባከበም ስኳሩን ለመቆጣጠር ይቀለዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ እርምጃ ከባድ አይደለም፤ ዛሬ ማታ ከመኝታ በፊት ጥርስን በሚገባ ማጽዳት፣ ድድ ቢደማ ደግሞ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮ ለባለሙያ መንገር ነው። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለሚሹ ሰዎች 8335 እና 952 ነፃ የስልክ መስመሮች አገልግሎት ይሰጡ ነበር።